የፀጉር አስተካካዩ ቡችላ ሲመለጥ

ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ፀጉር አልነበረውም። አናቱ እንደታጠበ ብርጭቆ ያበራል። ደንበኞቹ ምላጩ አንገታቸው ላይ እያለ እንኳ በመላጣው ከመቀለድ አይመለሱም፤ እሱም «ለእናንተ አከፋፍዬው ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ሚስት አላገባም። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል፤ ከልጅነቱ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ዛሬም ድረስ «አንተ ልጅ» እያለች ነው የምትቆጣው።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ላይ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቡናማ ቡችላ ሱቁ ገባ። ማንንም ሳያስፈቅድ ጥግ ላይ ተጠርጎ የተከመረው ፀጉር ላይ ወጥቶ ተጠቅልሎ ተኛ። በማግስቱም አልሄደም። ቁጭ ብሎ ሥራውን ሁሉ ዓይኑን ሳይነቅል ስለሚከታተል ደንበኞች «አለቃ» የሚል ስም አወጡለት። እህቱ ግን «ውሻ ቦታው ግቢ ነው፤ ቤቴ ድርሽ እንዳይል!» አለች። አለቃ ያደገው በዚህ አዋጅ ሥር፣ በሱቁና በግቢው መሀል ነው።

ብዙም ሳይቆይ በአንድ ዓይኑ ዙሪያ ያለው ፀጉር መርገፍ ጀመረ። ቀጥሎ የከንፈሩ ጠርዝ፣ ከዚያ የፊት እግሩ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቦታ ተመለጠ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሻ አንተን መምሰል ጀመረ እኮ!» አለች እህቱ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

ሳቁ ብዙ አልዘለቀም። አንድ ቀን፣ የዘወትር ደንበኛው የሆኑት ጡረተኛ አስተማሪ ፊታቸው በሳሙና ተለቅልቆ፣ ግማሹ ተላጭቶ ሳለ አለቃ እግራቸው ሥር መጥቶ ቀና አለ። ሰውየው ከወንበሩ ዘለው ተነሱ።

«ጭርት ነው! ይሄ ጭርት ነው! ሁላችንንም ሊያስጨርሰን ነው!»

አረፋውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ በግማሽ ፂማቸው ወጥተው ሄዱ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈሩን ዞረና በማግስቱ ወንበሩ ባዶውን ዋለ።

ጎረቤቱ ሜካኒክ ሊያግዘው ፈልጎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጣሳ ይዞ መጣ። «ይሄን ቀባው፤ ምልጡ ድራሹ ይጠፋል» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ጣሳውን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይልሳል። ሆዱ ሞተር መሰለህ እንዴ?» ብሎ መለሰለትና ሱቁን ዘግቶ ወደ እንስሳት ሐኪም ጉዞ ጀመረ።

አውቶቡሱ ውሻ አልጭንም ስላለ በእግሩ መሄድ ግድ ሆነበት። አለቃን ለደንበኛ በሚያለብሰው ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አቀፈው። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት «እሰይ፣ ያሳድግልህ!» ብለው የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ከውስጥ ምላስ ወጥቶ እጃቸውን ላሰ። «ኧረ ጉድ!» ብለው ሲስቁ እሱም ከጭንቀቱ ጋር አብሯቸው ሳቀ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የአለቃን ሆድ ዳሰሰች፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። «ይሄ ጥጋብ አይደለም፣ ትል ነው» አለች። በማበጠሪያ ስታበጥረውም ቁንጫ ተገኘ። ከዚያ ከተመለጠው ቦታ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ በስለት ጫፍ ፋቀች። ዕድሜውን በምላጭ ያሳለፈው ሰው ይህን ማየት አቅቶት ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት» አለችው ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ብላ።

ጎንበስ ብሎ አየ። እንደ ሲጋራ የረዘመ፣ አጫጭር እግሮች ያሉት ነገር ይላወሳል።

«ደንበኞቼን ያባረረው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው፤ በዓይን የማይታይ የቆዳ ተባይ። ግን ወደ ሰው አይጋባም። ጭርት ቢሆን ኖሮ ይጋባ ነበር። ይሄንን ጡት ሲጠባ ከእናቱ ነው የያዘው፤ ቡችላ አቅም ሲያንሰው ይበረታበታል። ትሉና ቁንጫው ከለቀቀው፣ በደንብ ከበላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። እየሰፋ ከሄደ ግን ቶሎ ያምጡት፤ መድኃኒት አለው።» ፈገግ አለች። «የሰውም የራሱ ዓይነት አለው፤ ሽፋሽፍትና ቅንድብ ሥር ይኖራል። እኔም እርስዎም ሳይኖረን አይቀርም።»

ፀጉር አስተካካዩ ይህን እንደሰማ ቤቱ አልገባም። በቀጥታ አስተማሪው ዘንድ ሄደ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ራሳቸውን መላጨት አይችሉም፤ ሌላ ፀጉር ቤት መሄዱን ደግሞ ኩራታቸው አልፈቀደም። በግማሽ ፂም በር ከፈቱለት። ነገሩን አስረዳቸውና «ከእርስዎም ቅንድብ ሥር አይጠፋም» ብሎ ጨረሰ።

ሰውየው ቅንድባቸውን ሲያሹ ቆዩ። «እና... ሰላምታ ይሰጣል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚኖረው?» አሉ በመጨረሻ። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። የቀረው ፂም እዚያው በረንዳቸው ላይ ተላጨ።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። አለቃ የትሉን ክኒን ከዳቦ ውስጥ ለይቶ እየተፋ ዳቦውን ብቻ ይበላል፤ ሥጋ ውስጥ ሲደበቅ ነው የተሸነፈው። የሚተኛበት ምንጣፍ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ለቁንጫው ደግሞ በሳፋ ይታጠባል። መጀመሪያ ቀን «እኔ የለሁበትም» ብላ በሩ ላይ የቆመችው እህቱ፣ የወንድሟ አያያዝ አላምር ሲላት እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። አለቃ አንዴ ሲራገፍ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ራሰች። ከሳቋ ብዛት መቆም አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ማጠቡን ለማንም አልሰጠችም፤ አዋጁም ሳይሻር ተረሳ።

አንድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ እየቆረጠ፣ በመሀል ጎንበስ ብሎ አለቃን ሲዳብስ አውራ ጣቱን አንድ ነገር ወጋው። ያንን ስሜት በሺህ አገጭ ላይ ያውቀዋል፤ የበቀለ ፀጉር ነው። መቀሱን ወረወረ።

«እትዬ! በቀለ! በቀለ!»

ሜካኒኩ ጩኸቱን ሰምቶ መፍቻውን እንደያዘ እየሮጠ ገባ። «የቱ በቀለ? ምን ሆነ በቀለ?»

እህቱ ከጓዳ ስትወጣ ወንድሟ ወለል ላይ ተንበርክኮ የቡችላውን ፊት በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው። ዓይኑ ዙሪያ አዲሱ ፀጉር ችፍ ብሏል። እሷም ዳሰሰችው፤ ሜካኒኩም በቅባት እጁ ሊዳስስ ሲል በጥፊ መለሰችው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ወንበሩ ላይ የተረሳው ደንበኛ ነጩን ጨርቅ እንደለበሰ ተነሳና አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እስቲ እኔም ልንካው» አለ።