አበባ የሚሉት ብረት

የልጅ ልጆቼ ካርቱም ሳለሽ ምን ስትሠሪ ኖርሽ፣ ንገሪን ብለው ያዙኝ። እነሱ የጠበቁት ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የነበረውን ቪላ ነው። እዚያማ ሠርቻለሁ፤ እመቤቲቱ ማለዳ ማለዳ ዘሀሩን ውሃ አጠጪ ትለኝ ነበር፣ ዘሀር በእነሱ አፍ አበባ ነው። የእኔ ልብ የሚሄደው ግን ሳሃፋ ሰፈር ወደነበረው መግሰላ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት ነው። ደስ ብሎኝ የኖርኩት እዚያ ነው።

መግሰላው የሆቴል አንሶላ ያጥባል። ከጓሮ ቦይለር አለ፤ ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን በወፍራም ቧንቧ ወደ እኛ ይልካል፣ እኛ ዘንድ ያለው ትልቁ መተኮሻ በዚያ ይግላል። ቦይለሩን የሚያነደው አያታችሁ ነበር። እኔና አንዲት የጎንደር ሴት አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን መተኮሻውን እናጎርሰዋለን። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ እስላም፤ እሷ ስትጾም እኔ፣ እኔ ስጾም እሷ፣ ዓመቱን ሙሉ ምሳችንን አንዳችን ከሌላችን ስንደብቅ ነው የኖርነው።

እንፋሎቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ በልፍ ይባላል። የእኛው በልፍ እኔ ከምቆምበት ጎን፣ ከጉንጬ ትይዩ ነበር። ጠዋት እንፋሎቱ ሲለቀቅ ቧንቧ ውስጥ ያደረው ውሃ እየተገፋ መጥቶ ጓ ጓ ያደርገዋል፣ ሰው በመዶሻ የሚመታው ነው የሚመስለው። እንዲህ ሲመታ ኖሮ በልፉ አንድ ቀን ሆዱ ላይ ተሰነጠቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ ቅርጫት ሳነሳ ስለነበር እንፋሎቱ በአናቴ ላይ አለፈ፤ ሻሼ ብቻ ረጠበ። ጎንደሬዋ ስትደነግጥ መቀለድ ልማዷ ነውና፣ «እሰይ፣ ፍል ውሃው እዚሁ ድረስ መጣልን» አለችኝ።

አያታችሁ ሮጦ ቦይለሩን ዘጋ። አዲስ በልፍ የሚመርጠው እሱ ነበር፤ በማግስቱ ግን ወባ ጣለው። የመግሰላው ባለቤት፣ ሐጂ ነው የምንላቸው፣ ራሳቸው ሊገዙ ተነሡ። አያታችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ «አብረሻቸው ሂጂ። ዘሀር እንዳይገዙ። ፉላዝ በያቸው» አለኝ።

ፉላዝ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዘሀርን ግን አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ ውሃ አጠጥቼዋለሁ።

ብረታ ብረት ሱቅ ገባን። ሻጩ በልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሳያቸው የሁሉም መዘወሪያ ዙሪያው እንደ አበባ የተሸነሸነ ነው። ይሄ አይሆንም አልኩ። ሌላ አነሣ፤ ይሄም አይሆንም። ሐጂ ግራ ገብቷቸው ታዲያ ምኑን ነው የምትፈልጊው ቢሉኝ፣ መዘወሪያውን በጣቴ እያሳየሁ ዘሀር የሌለበት ይሁን አልኳቸው። ሻጩ በጥምጣሙ ጫፍ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ሐጂም ሳቁ። እኔ ደግሞ ምን ያስቃቸዋል ብዬ ቆሜያለሁ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣» አለኝ ሻጩ፣ «ዘሀር የብረቱ ስም ነው።»

ከዚያ እየነካካ አስረዳኝ። ዘሀር ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ነው፤ ለዓይን ወፍራም ነው፣ ሲመቱት ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። የተሰበረብንም እሱ ነበር። ቢጫው ናስ ለቀጭን ቧንቧ ይበቃል፣ የእኛን ዓይነት ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ግን ይለሰልሳል። ፉላዝ፣ እኛ አረብ ብረት የምንለው፣ ዱላም ሙቀትም ይችላል። እሱ ግን በእኛ ቧንቧ ልክ አልነበረም፣ ከፖርት ሱዳን እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን።

ሐጂ መጠበቁን አልወደዱትም። ሆቴሉ አንሶላውን ይፈልጋል፤ ሌላ መግሰላ ከሄደ ተመልሶ አይመጣም። የባለቤቴን ቃል ደግሜ ነገርኳቸው። ኢንሻላህ አሉና ዘሀሩን ተሸክመው ወጡ። እኔ መኪናው ውስጥ ጉንጬን እየዳሰስኩ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ በሽተኛውን ልጠይቅ ብለው ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ ሻይ አፈላለሁ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ሁለቱም ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ሐጂ ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ፤ በማግስቱ ዘሀሩን መልሰውታል ሲባል ሰማሁ።

ፉላዙ እስኪመጣ አንሶላውን በከሰል ካውያ ስንተኩስ ክንዳችን ዛለ። ሆቴሉም ከሥራው ግማሹን ለሌላ ሰጠ፣ ጨርሶ ግን አልተወንም። በልፉ መጣ፣ ክብደቱ ጉድ ነው። አያታችሁም ድኖ ገጠመው። ያን ጠዋት መጀመሪያ ያደረውን ውሃ አፍስሶ፣ እንፋሎቱን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀው። ትንሽ ጓ ጓ አለ፣ ዝም አለ። እኔና ጎንደሬዋ አንሶላችንን አነሣን። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት አጠገቡ ቆምኩ፣ አንድም ቀን ላብ እንኳ አላወጣም።

ሐጂን ያላመሰገንኩበት ቦታ የለም። ስለ እኛ ብለው ኪሳራ ቻሉ እያልኩ በየዒዱ ዱዓ አደርግላቸው ነበር። አያታችሁ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አሚን ይላል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም።

አገሬ ልገባ ስል የሐጂን ሚስት ልሰናበት ሄድኩ። አያታችሁ ካረፈ ቆይቷል። በጨዋታ መሃል ነገረችኝ፤ ያን ቀን ሐጂ ዘሀሩን ሲያሳዩት፣ አያታችሁ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ይሄ ከተገጠመ ቦይለሩን የሚያነድልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ብሏቸው ኖሯል።