የመምህር ቢረሳው ናጋ

መምህር ቢረሳው ነገሌ ቦረና ሲመደብ ለሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። በስልሳ ዓመተ ምሕረት ዘጠነኛውን ያዘ። ጠዋት ሒሳብ ያስተምራል፤ ከሰዓት ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ማንም ያላዘዘውን ሒሳብ ይጽፋል። ጎረቤቱ ሁሉ የዝውውር ማመልከቻ ይመስለዋል። ምን ዝውውር! በአገሩ የሚናፍቀው እንኳ ሰው አልነበረውም።

የሚጽፈውን የጠየቀችው ወተት የምታመጣለት ዲንኪቱ ብቻ ናት። ባሏ ከሞተባት አራት ዓመቷ ነው። እሷን ካላየ ቀኑ አይገፋለትም፤ "ላግባሽ" ለማለት ግን ዓመት ሙሉ አፉ ተሳሰረ።

አንድ ቀን ቆርጦ ጠበቃት። እንደ ልማዷ በሰላምታ ጀመረች።

"አካም፣ መምህር? ናጋ?"

"ናጋ።"

"ወሪ ናጋ? ኢጆሌን ናጋ? ሎን ናጋ?"

"ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ።" በሒሳብ አንበሳ፣ በቋንቋ ድንጋይ! ከኦሮምኛው የሚያውቀው ይህችኑ፣ ደህና ማለት የሆነችውን ቃል ብቻ ነው።

"ዛሬስ ምን ይጽፋሉ?"

"ስሌቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ ስትከቺ፣ የሚወለዱት ሁሉ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። እኔ የምለካው የሁለት ቤተሰብ ርቀት ነው።"

"በምን?"

"እንደ ሰላምታችሁ እየጠየቅሁ። በአንድ ቁጥር የሚሠሩት ስሌቶቻቸው አንድ ናቸው? በሁለት ቁጥር የሚሠሩትስ? በሦስትስ? ገና ከመጀመሪያው ከተለያዩ ሩቅ ናቸው። ዘግይተው ከተለያዩ ቅርብ ናቸው።"

"ጨርሶ ካልተለያዩስ?"

"ያኔማ አንድ ናቸው።" ብዕሩን አስቀመጠ። "ዲንኪቱ፣ ላግባሽ።"

የወተቱን ዕቃ መሬት አኖረችው። "ውይ መምህር! ሚስትዎስ?"

"የምን ሚስት?"

"ወሪ፣ ሚስትዎ ደህና ናት? ኢጆሌን፣ ልጆች ደህና ናቸው? ሎን፣ ከብቱ ደህና ነው? ስል በየቀኑ ናጋ ይሉኝ የለ! አገርዎ ባለትዳር ነዎት ብዬ..." ዓይኗ እንባ ሞላ። "ለጃታኒ እሺ አልኩት። የፊልቱ ከብት ነጋዴ ነው። ሰኞ ይወስደኛል።"

ሰኞ ሄደች። ማክሰኞ ወተቱን አሸቱ የምትባል ጎረቤት አመጣች።

"ናጋ? ወሪ ናጋ?"

ቢረሳው ናጋ አላለም። በአማርኛ፣ "የለችም" አለ።

አሸቱ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እዚያ አገር የታመመም የከፋውም መጀመሪያ ናጋ ነው የሚለው፤ ናጋን የሚያስነፍግ ሞት ብቻ ነው። እየጮኸች ወጣች።

ሳይመሽ ደጁ በሰው ተሞላ። ዘጠኝ ዓመት ከወተት አምጪ በቀር ማንም ያልረገጠው ደጅ! ሽማግሌው ዳባሶ ጎኑ ተቀምጦ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ስሟ ማን ነበር?" አለው።

ሞተች የተባለች ሚስት እንደሌለችው ሊናገር አፉን ከፈተ። አልቻለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መሀል ሆኖ አለቀሰ።