የአልማዝ ሠርግ ጠርሙሶች

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ። ስከፍተው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ ማህሌት ባዶ ዘንቢል ይዛ ቆማለች። «እትዬ ሮማን፣ ባዶ ጠርሙስ ይኖርዎታል? የወይንም ይሁን የአረቄ ግድ የለም፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለችኝ። ከኢንተርኔት አይታ ወይን ጠጅ ጥላ ኖሯል፤ ለወንድሟ ቀለበት ልታቀርበው ነው። ልጅቷ ደስ ብሏት ታወራለች፣ እኔ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «አመመዎት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ፈልጌ እጠራሻለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው በባዶ ጠርሙስ ይደነግጣል ቢሉኝ እስቅ ነበር። ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ይህ የልደታ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚሁ አካባቢ፣ ከልደታ ማርያም ቁልቁል ሲወረድ፣ የጭቃ ቤት ነበረን። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አልማዝ ሃያ አራት። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ልትዳር ነበርና እናቴ ከመስከረም ጀምራ የዘቢብ ወይን ጥላለች። በልጅነቷ ሚሲዮን ቤት ያደገች ስለሆነች ከሲስተሮቹ የተማረችው ሙያ ነው። የጓዳው በር በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው የዘቢብና የእርሾ ሽታ ቤቱን ይሞላው ነበር። ያን ሽታ እስካሁን እወደዋለሁ፤ እንዴት እንደምወደው ራሴንም ይገርመኛል።

እማዬ ጠጅ በብርሌ ያምራል፣ ወይን ግን በጠርሙስ ካልቀረበ ሰው ከጠላ አይለየውም ባይ ነበረች። የሚያስፈልጋት ሃምሳ ጠርሙስ ነው። ያኔ ደግሞ ጠርሙስ ዝም ብሎ የሚጣል ዕቃ አልነበረም። በየቤቱ አንዱ ላምባ ይያዝበታል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ጸበል። ስለዚህ ሳይሸተት የሚታጠብ ጠርሙስ የለም፤ ላምባ የነካው አንድ ጠርሙስ ወይኑን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የማሽተቱ ሥራ የእኔ ሆነ። አባቴ «ይቺ ልጅ የጎረቤት ወጥ ጨው ማነሱን እዚህ ሆና ታውቃለች» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ ብዙም አላጋነነ።

የአልማዝ እጮኛ ታደለ አስተማሪ ነበር። ቁጥብ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ሽማግሌ የላከ ቀን አባቴ ስለ ሀብቱም ስለ ዘሩም አልጠየቀም። የእናቴ ታናሽ ወንድም በአረቄ ተቃጥሎ ነው የሞተው፤ አባቴም የጠየቀው እሱኑ ነው። «ልጁ መጠጥ ይቀምሳል?» አለ። የሽማግሎቹ አለቃ ደረታቸውን ይዘው «ከለስላሳ አልፎ አያውቅም፣ በእኔ ይሁንብዎት» አሉት። እውነትም ታደለ ቤታችን ሲመጣ ጠላ ከቀረበለት «ጨጓራዬን ያመኛል» ብሎ ይመልስ ነበር። እማዬ ለዚህ ጨጓራ ስትጸልይ ብትከርምም፣ በሆዷ ግን ደስ ይላት ነበር።

ለሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው የተገኘው ጠርሙስ አሥራ ስምንት ብቻ ነው። በሰፈራችን የሚያልፈውን ቆራሌ ጠርቼ ብጠይቀው «ወይዘሮ ዘነበች ጋ ሂጂ፤ እኔም ከሳቸው ነው የምገዛው» አለኝ። ወይዘሮ ዘነበች የታደለ አከራይ ናቸው። ያማች ቤት መሄድ ትንሽ ቢያሳፍረኝም፣ እሱ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ሰዓት ማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ።

ሴትዮዋ በደስታ ተቀበሉኝ። ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው ጎጆ ወስደው የተከመረውን ጠርሙስ አሳዩኝ። «ሁሉንም ውሰጂ የኔ እናት። የራሱ የመምህር በረከት ነው» አሉኝ። «እሱ ነው የሚያመጣልኝ። ከምበላበት ሆቴል የተጣለ ነው፣ ቢሸጡት ይጠቅምዎታል ይለኛል። በሳምንት ሦስትም አራትም። እንዲህ የሚያስብልኝ የወለድኩትም ልጅ የለኝ።»

ልማድ ሆኖብኝ አንዱን አንስቼ አሸተትኩ። አረቄ ነው። ሁለተኛውም አረቄ። አሥረኛውም። ከታች ያሉት አቧራ ለብሰዋል፣ ከላይ ያሉት ግን ውስጣቸው ገና እርጥብ ነው። ከሆቴል የሚጣል ጠርሙስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የቢራ አለ፣ የወይን አለ፣ የኮኛክ አለ። እነዚህ ሠላሳ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ሰው መርጦ የሚጠጣው። ወይዘሮ ዘነበች እየመረቁኝ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እንጂ የሚሉት አልተሰማኝም።

ማዳበሪያውን ተሸክሜ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ጠርሙሶቹ ጀርባዬ ላይ እየተጋጩ ይንጫጫሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሻማ የምትሸጥ ጎረቤታችን «ሙሽራዋ እንዴት ናት?» ትለኛለች፣ እኔ «ደህና ናት» እላለሁ።

እማዬ ማዳበሪያውን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አንዱን አወጣች፣ አሸተተች፣ ከየት ነው አለችኝ። ከወይዘሮ ዘነበች ግቢ ነው፣ ታደለ ነው አሉ የሚያመጣላቸው አልኳት። ሌላውን አሸተተች። አራተኛው ላይ ፊቷ አመድ መሰለ። በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። የወንድሟ ሬሳ የመጣ ዕለት እንኳ እንዲህ ሆና አላየኋትም።

አሁን ተነስታ አባቴን ትጠራዋለች ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ በምንም ነገር ላይ እንዲያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። እሷ ግን የጓዳውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካርዱ ተበትኗል። ዘመድ ከአገር ቤት ተሳፍሯል» አለችኝ።

«እማዬ፣ አባባ እኮ...»

«አባትሽ ከሰማ ያፈርሰዋል። የፈረሰባትን ልጅ ደግሞ ማን ያገባታል? ብቸኝነት ነው እንዲህ ያደረገው፤ ትዳር ሲይዝ ይተወዋል።» ከዚያ ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ሽታው እስኪለቅ እጠቢው።»

ከጠርሙሶቹ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ወንድሟን አረቄ የበላባት ሴት ናት እንዲህ ያለችኝ። ዛሬም ሳስበው አፌን እይዛለሁ።

አጠብኩት። ጓሮ ቁጭ ብዬ በአመድና በሞቀ ውሃ ወረቀቱን አላቀቅኩ፣ አሸዋ ጨምሬ ናጥኩ፣ አለቀለቅኩ፣ አሸተትኩ፣ እንደገና ናጥኩ። አሸዋው መዳፌን ልጦት ነበር። አልማዝ አንድ ጊዜ በመስኮት ብቅ ብላ «ሮሚ፣ እጅሽ አለቀ እኮ፤ በቃ ተይው፣ ለኔ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው» አለችኝ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኳት።

የሠርጉ ዕለት ወይኑ በሻማ በታሸገ ጠርሙስ ተሰልፎ ሲቀርብ የሽማግሎቹ አለቃ አድንቀው አልጠገቡም። አንዱን ሙሽሮቹ ፊት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ታደለ ጠርሙሱን አየ፣ የለመደውን የጠርሙሱን አንገት አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቀድሜ ያቀረቀርኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ለስላሳውን አነሳ።

መጠጡን አልተወም። በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ አልማዝ ሁለት ልጆቿን አስከትላ፣ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ተመለሰች። እናታችን እግር ሥር ቁጭ ብላ «ከእናንተ መካከል አንድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም?» አለች። «ማን ያውቃል ልጄ» አለች እማዬ። እኔ ልጆቹን እሹሩሩ እል ነበር።

ማህሌት የሄደች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልማዝ ቤት ሄድኩ፤ ከእኔ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው የምትኖረው። ምስር እየለቀመች ነበር። ለወሬ ያህል የጎረቤቴ ልጅ ለወይን ጠጅ ጠርሙስ ፈልጋ መምጣቷን አነሳሁ። ቀና ሳትል «እማዬ ልትሞት ሰሞን ነግራኛለች» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ስለ ጠርሙሶቹ። እሷ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ሮሚም ትነግረኛለች እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

«እማዬ እኮ ናት ያዘዘችኝ፣ ልንገርሽ ብዬ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ» አልኩ፤ ያላልኩት የለም፣ ግማሹን ዋጥኩት። አልማዝ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ለማጠብ ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አለች።

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን ነበረሽ ማለት ነው» አለችኝ። አልጮኸችም። ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋቱን የእናቴ አድርጌ፣ እኔ የታዘዝኩትን የፈጸምኩ ልጅ ነበርኩ እያልኩ ኖሬያለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ያን ጓሮ በሐሳቤ ደጋግሜ እለካዋለሁ። እኔ ከማጥብበት ቦታ አልማዝ ብቅ እስካለችበት መስኮት አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።