የሀጂራ ቡጢ

ሀጂራ ላም ክብድ መሆኗን የምታውቀው በቡጢዋ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከላሟ ሽንጥ ዝቅ ብላ ሆዷን ሁለት ሦስቴ ትገፋና እጇን ሳታነሳ ትጠብቃለች። ጥጃ ካለ ሸሽቶ ይመለሳል፤ ጠንከር ያለ ነገር መጥቶ ቡጢዋን ይነካል። ከውርጌሳ ወደ እኛ መንደር ወደ ግራና ተድራ ከመጣች ወዲህ ስትሳሳት አላየሁም። እንዲያም ሆኖ ሴቶቹ እንጂ ወንዶቹ አይጠይቋትም ነበር።

በ2004 አረፋ ባሏ ኢዘዲን ቦራን ለእርድ አቀረባት። ቦራ ሀጂራ ከጥጃነቷ ያሳደገቻት ላም ናት፤ ሁለት ዓመት አልወለደችም። ከሶላት መልስ የምንካፈላት ሰባት ጎረቤታሞች ተሰበሰብን። ሼህ ሲራጅ ቢላዋውን ሳይመዙ ጠየቁ።

“ክብድ አይደለችም?”

“መሲና ናት፣ አትወልድም” አለ ኢዘዲን። “ባለፈው ጁምዓ ወንዝ ዳር ኮርማ ሲወጣባት በዓይኔ አይቻለሁ። ክብድ ላም ኮርማ ታስጠጋለች?”

ሁላችንም የምናውቀው ይህንኑ ነበር፤ ኮርማ ያስጠጋች ላም ባዶ ናት።

“አንዳንዷ ከብዳም ታስጠጋለች” አለች ሀጂራ። “ሼህ ሲራጅ፣ ይምጡና በእጅዎ ይዩት።”

“ሆዷን የነፋው የመስከረም ሣር ነው” አለ ኢዘዲን። “የአንድ ለአምስት መሪ ሆኜ ሰው የማስተምር እኔ፣ ላሜ በሴት ቡጢ ትመርመር?”

“ተው ኢዘዲን፣ ቡጢው ነገ ወዳንተ ይዞራል” አለ አንዱ። ኢዘዲንም ሌሎቹም ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ የባሰው ግን የእኔ ጥፋት ነው።

“ጀብሪል፣ ና አንተ ንካ” አለችኝ።

ገፋሁ። አንድ ነገር መጥቶ ጣቶቼን ገጨና ሄደ። ሁሉም አፍ አፌን ያያል።

“እኔ እንጃ” አልኩ።

ታረደች። ሆዷ ሲከፈት ጸጉር ያበቀለ ጥጃ ወጣ፤ ግንባሩ ላይ እንደ እናቱ ነጭ ነበረው። ማንም አልሳቀም።

“የአላህ ውሳኔ ነው” አለ ኢዘዲን ቀስ ብሎ።

“በአላህ አታሳብብ። የወሰንከው አንተ ነህ። ነገርኩህ፣ ሳቅህ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “እነሱስ አልነኩም። አንተ ግን ነክተሃል።”

ያን ሥጋ ቤቷ አላስገባችም።

ከዚያ ወዲህ ወንዶቹም ላሞቻቸውን ይዘውላት ይመጣሉ። እሷ ግን መልሱን ራሷ አትናገርም። ባለቤቱን ቡጢ አስጨብጣ ላሟ ጎን ታቆመዋለች፤ ሰው ፊት ጮክ ብሎ “አለ” ወይም “የለም” እስኪል አትለቀውም። ኢዘዲንንም አልማረችውም፤ ደጁ ላይ ጎረቤት ሰብስባ እሱንም ላም ጎን አቁማዋለች።

በ2009 እኔም ላሜን ነዳሁላት።

“ክብድ ናት?” አልኳት።

እጄን ይዛ ላሟ ሆድ ላይ ጫነችው። ጥጃው መታኝ።

“አለ” አልኩ በለሆሳስ።

“ለእኔ አይደለም” አለች፣ ወንዶቹ ወደቆሙበት በአገጯ እያሳየች። “ለእነሱ ንገር።”

ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

“አምስት ዓመት ዘገየህ” አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።