የጥቅምት እንግዶች

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ በጥቅምት ማለቂያ፣ ቁልፎቹ የረገፉ የካኪ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ሰው ከአርብ ገበያ በታች ካለው ረግረግ ዳር ተቀምጦ፣ ባሕር ተሻግረው የመጡትን ወፎች ያይ ነበር። ውባለም የደረሰ ገብሷን ልትጠብቅ ወጥታ ወንጭፏን ስታነሳ እጁን ዘረጋ።

«እባክሽ እህቴ፣ ደክሟቸዋል።»

«ገብሴን ሲጨርሱትስ?»

«እኔ አጭድልሻለሁ።»

ካፖርቱን አውልቆ ከቤት ያመጣችለትን ማጭድ ተቀበላት። መዳፉ የገበሬ አይመስልም፤ አጨዳው ግን የገበሬ ነው። ጎረቤቶችም አይተው መጥተው አገዟቸው። የረገፈውን ዛላ ለወፎቹ እንዲተዉላቸው ለመናቸው፤ እየሳቁ ተዉላቸው።

ነዶው ሲከመር ውባለም «አገርዎ ወዴት ነው?» አለችው።

«እነሱስ ጊዜው ሲደርስ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ» አለ፣ ዓይኑን ከረግረጉ ሳይነቅል።

ውባለም ያወለቀውን ካፖርት አንስታ ሰጠችው።

«እንግዲያው ወፎቹ እስኪሄዱ ድረስ እኛ ቤት ይሰንብቱ» አለችው።