ጃንዋሪ አንድ የተወለድን

በወረቀት የተወለድኩት ጃንዋሪ አንድ ነው። እናቴ ግን የወለደችኝ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ገበያተኛው በደጃችን ማለፍ ሲጀምር እንደሆነ ነበር የምትነግረኝ። ናይሮቢ ውስጥ ስደተኞችን የሚመዘግበው ሰውዬ ቀን፣ ወርና ዓመት ሲጠይቀኝ እሷ ያለችውን ነገርኩት። አስተርጓሚው ሳቀ። ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና የፈረንጅ አዲስ ዓመት ልጅ አደረገኝ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስመጣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅኩ። ሞርስ ሮድ የሚሉት መንገድ ላይ ካሉት የኛ ሰዎች ሱቆች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ “ጃንዋሪ አንድ የተወለደ እጁን ያውጣ” ብትሉ፣ ግማሹ ገበያተኛ የያዘውን ዕቃ መሬት ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል።

የምሠራው ልብስና ጫማ በኢንተርኔት የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሮው ዳውንታውን ነው፤ መጋዘኑ ከከተማው ወጣ ይላል። የእኔ ክፍል የሠራተኞቹን ኮምፒውተሮችና የመግቢያ ሲስተም ያስተዳድራል። አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ የምንጭነው እኛ ነን፤ ሲበላሽ የምንሰደበውም እኛው። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በየጃንዋሪው የክፍሌ ሰዎች ኬክ ይገዙልኛል። “ዓለም በሙሉ ርችት ይተኩስልሃል” እያሉ ይቀልዳሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ቀኑ የእኔ አይደለም ብዬ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። መጀመሪያ ላይ ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም፤ እንግሊዝኛው ሲበቃኝ ደግሞ ብዙ ኬክ በልቼ ነበር።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ አዲስ ሲስተም ገዛ። እስከዚያ ድረስ በሩን የሚከፍተው ባጅ፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውና የኮምፒውተሩ ፓስወርድ ለየብቻ ዝርዝር ነበራቸው። አዲሱ ሲስተም ሁሉንም ወደ አንድ ያመጣል ተባለ። አሮጌዎቹ ዝርዝሮች ግን ዝብርቅርቅ ያሉ ነበሩ፤ ሥራ ለቅቆ የተመለሰ ሰው ሁለት መዝገብ አለው፣ አንዳንዱ ሦስት። ስለዚህ አንድ ደንብ ወጣ። ስሙ፣ የአባቱ ስምና የተወለደበት ቀን አንድ ከሆነ ሰውዬው አንድ ነው፤ አዲሱ መዝገብ ይቆይ፣ አሮጌው ይዘጋ። ኦሃዮ ሆስፒታል ተወልዶ የተወለደበት ደቂቃ ሳይቀር ለተጻፈለት ሰው እንከን የማይወጣለት ደንብ ነው።

ከመጫኑ በፊት ሊዘጉ የተመረጡት መዛግብት ዝርዝር እንዳየው ተላከልኝ። ገና ስከፍተው ክው አልኩ። ጥቂት ሲቀሩ ከላይ እስከ ታች ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ። የኛ ስሞች፣ የሶማሌዎች ስሞች፣ የኔፓሎች ስሞች። መሐል ላይ እትዬን አየኋቸው።

እትዬ የምላቸው በመጋዘኑ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሠሩ፣ ደንበኛ የመለሰውን ልብስ እያዩ ደህናውን ከተበላሸው የሚለዩ ሴት ናቸው። ሥራው ቀን ከሌት መቆም ቢሆንም አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም፤ ልጃቸውን ያስተማሩበት ነው። ማመልከቻቸውን የሞላሁላቸውም እኔ ነበርኩ፣ ኖርዝላንድ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ውስጥ፣ ጃንዋሪ አንድን በራሴ ጣት እየጻፍኩ። የሳቸውም የአባታቸውም ስም ከየሰፈሩ የማይጠፋ ስም ነው። በዚያው ስም፣ በዚያው ዓመት ተወለደች የተባለች ሌላ ሴት በቅርቡ ተቀጥራ ኖሯል። ለሲስተሙ ሁለቱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የሚዘጋው ደግሞ አሮጌው፣ የእትዬ መዝገብ።

ስብሰባው ላይ አለቃዬ “ያየኸው ችግር አለ?” ሲል ጠየቀኝ። ነገሩ አፌ ላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተለያዩ ናቸው፣ የትውልድ ቀናችንን ጸሐፊ ነው የሰጠን፣ የእኔንም ጭምር ማለት ነበረብኝ። ግን ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ ስደተኛ ወረቀት ነበር፤ ማን ትክክለኛ ሰነድ አለው፣ ማን የለውም። በዚያ ክፍል ውስጥ “የኛ ሰዎች ወረቀት ላይ ያለው ቀን እውነተኛው አይደለም” ብሎ መናገር ራስንም ወገንንም አሳልፎ መስጠት መሰለኝ። ፈራሁ። አፈርኩም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻማ ሲያበሩልኝ እፍ ያልኩ ሰው ነኝ። የተቸገረ ሰው ወደ እኛ ይደውላል፣ በአምስት ደቂቃ እከፍትለታለሁ ብዬ ራሴን አሞኘሁና “ሉክስ ጉድ”፣ ችግር የለውም አልኩ። የእትዬን ስም ብቻ ከዝርዝሩ ማውጣትም እችል ነበር። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል ተውኩት። ማን ሊለኝ ነበር? ማንም።

ቅዳሜ ጠዋት ጫንነው። እንደዚያ ያለ የተዋጣለት ሥራ ሠርተን አናውቅም፤ ስክሪኑ በሙሉ አረንጓዴ፣ ከአለቃዬ አለቃ የምስጋና ኢሜይል። ሰኞ ግን ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዱ በሩ አልከፈት ብሎታል፣ ሌላው የሰው ስም እየወጣለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋውን ስከፍት፣ የተጣበቀውን ሳላቅቅ ሰነበትኩ። በየጥሪው መጨረሻ “ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ሲሉኝ፣ ያጠፋሁትን ያስተካከልኩ ሳይሆን የታደግኳቸው ያህል ደስ ይለኝ ነበር። እትዬ አልደወሉም። ስላልደወሉ ደህና ናቸው አልኩ። መዝገባቸውን ከፍቶ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ አላየሁም። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ዝምታዬን በፍርሃት ላሳብብ እችላለሁ፤ ለዚህኛው ግን ማሳበቢያ አጣሁ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሞርስ ሮድ ካለው ሱቅ ሽሮ ልገዛ ስገባ እትዬን አየኋቸው። ከሩቅ በስሜ የሚጠሩኝ ሴት፣ ሲያዩኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞሩ። ተከትዬ ደረስኩባቸው።

“እትዬ፣ ምነው ጠፉ?”

“አለሁ ልጄ። ከሥራ ካስወጡኝ ወዲህ ሰው ፊት መቆም አልወድም።”

“ማን ነው ያስወጣዎት?”

“እንዴ! አታውቅም?” ብለው ትክ ብለው አዩኝ። “ሰኞ ጠዋት ባጄን ስካን ሳደርገው ቀይ አበራብኝ። ደገምኩት፤ ቀይ። ሴኪዩሪቲው ስክሪኑን አየና ‘ኢንአክቲቭ ነሽ፣ እዚህ አትሠሪም’ አለኝ። ሱፐርቫይዘሬም ዓይኔ ደክሞ ‘ስሎው ሆነሻል’ ስትለኝ ከርማለች። በቃ ሌይ ኦፍ አደረጉኝ፣ ቀነሱኝ አልኩ። መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩና ወደ ቤቴ።”

“ታዲያ እኔ ጋ አይደውሉም?”

“ልጄም ‘ጀስት ኮል ሂም፣ ማም’ ብላኝ ነበር። ምን ብዬ ልደውል? የገባሁት በአንተ በኩል ነው፤ ከአለቆችህ ላጣላህ? አንተም አውቀህ፣ እንዳላፍር ብለህ ዝም ያልክ መስሎኝ አመሰገንኩህ።”

እዚያው ሽሮው ፊት ውሃ ሆንኩ። “ስህተት ነው እትዬ፣ የሲስተም ስህተት ነው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ” አልኳቸው። የሲስተም ስህተት! ስንት ጊዜ ይቺን ቃል ለሰው ሰጥቻለሁ።

በማግስቱ መዝገባቸውን ከፈትኩ። አለቃቸው ሦስት ጊዜ አስደውላላቸዋለች፤ ሦስቱም ጥሪ የሄደው ወደ ሌላይቱ ሴት ስልክ ነው፣ ሲስተሙ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋልና። ሳያሳውቁ ሦስት ቀን ስለቀሩ በፈቃዳቸው ሥራ እንደለቀቁ ተቆጥሮ ተዘግቷል። ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ሄድኩ። ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ሴትየዋ ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ዘጠኝ ዓመታቸው ሳይነካ በነበሩበት ቦታ ይመለሱ አለች። ዝርዝሩን ማን እንዳየው አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ እትዬ አፓርታማ እየበረርኩ ሄድኩ። የምሥራች ነጋሪ ሆኜ መሄዴ ነበር። እትዬ አዳመጡኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አልመለስም ልጄ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መጦር ጀምሬያለሁ፤ ስገባ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ያኛው መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበት በሩ ላይ አናውቅሽም አሉኝ። ነገ ደግሞ ቀይ ቢያበራብኝስ? ሁለተኛ እዚያ በር ላይ አልቆምም።”

ለመንኳቸው። መዝገቡ ተስተካክሏል፣ እኔ አለሁ፣ ሁለተኛ አይደገምም አልኳቸው። ሰሙኝና እጄን ያዙኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሽኑ እንዲህ ሊያደርግ መሆኑን አስቀድሞ ያየ ሰው አልነበረም?”

ልናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። ልጃቸው የለችም፣ አለቃዬ የለም፣ ስለ ወረቀት የሚያወራ ፈረንጅ የለም። ሁለት ጃንዋሪ አንድ የተወለድን ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንዳችን ለሌላችን ማስረዳት የማያስፈልገን።

“የለም” አልኩ። “ማንም አላየውም።”

“እኔስ ለልጄ ይሄንኑ አይደል ያልኳት” አሉ እትዬ፣ እጄን መታ መታ እያደረጉ። “እሱ ቢያየውማ ይናገርልኝ ነበር አልኳት።”

በር ድረስ ሸኝተው ጉንጬን ሳሙኝ። እኔም ሳምኳቸውና ወጣሁ።