በደመኞች መሃል የዞረው ጣሳ

እንግዳ ተናጋሪ «እስኪ አንድ ፈቃደኛ ይነሣልኝ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ መውጣት ያምረኛል። ስለ ሕግም ይምጣ፣ ስለ ኮከብም ይምጣ፣ ስለ ጥንት ቅርስም ይምጣ፣ አሁን አሁን ሰው ከመቀመጫው ካላስነሣ የተናገረ የማይመስለው በዝቷል። «ማሳተፍ» ይሉታል። ማሳተፍ ምን እንደሆነ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ መምህር ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን፣ መንገዱ ክፍት በሆነባቸው እሑዶች፣ አዋቂ ሰው እየለመንን ወደ ጣና ዳር መንደሮች እንወስዳለን። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ይቀመጥና ይሰማል። ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ይሰማል። አንዴ ብቻ ስለ እምቦጭ ሊያስተምር የመጣ ሰው፣ አረሙ ሐይቁን እንደሸፈነው፣ ጠዋት ማታ ያንኑ አረም ሲነቅል ለሚውል ገበሬ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያስረዳ፣ ገበሬው ተናጋሪውን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

ወደ እናቴ አገር ግን እንግዳ መውሰድ አልፈልግም ነበር። እዚያ ያልተመለሰ ደም ነበረን።

የእናቴ መንደር ያለው ሐይቁ በክረምት ውጦ በበጋ በሚተፋው መሬት አጠገብ ነው። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ይቀራል፤ ሽምብራ ይዘራበታል። ድንበሩን ውሃ ስለሚያጠፋው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሰመራል፣ በየዓመቱም አንድ ሰው ይፈነከታል። የአጎቴን የበኩር ልጅ ግን መፈንከት አልበቃውም። እርፍ ይዞ ሳለ የድንበር ጎረቤቱ ደረቱን በጥይት መታው። ጭቃው አልለቅ ብሎ ሬሳውን በገመድ ጎትተው እንዳወጡት የነገረችኝ እናቴ ናት። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ጠፋ። አባቱ፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ እዚያው መንደር ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም። አጎቴ አንድ ወንድ ልጅ ቀርቶታል። በአገሩ ልማድ የወንድምን ደም የሚመልስ ወንድም ነውና፣ መንደሩ ሁሉ በዐይኑ ይጠይቀው ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ በአፋቸው ጭምር። አጎቴ «አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ለወህኒም ለጥይትም አልሰጥም» ብሎ ሽማግሌ ላከ። ነገሩ ተቃርቦ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የገዳዩ ወገን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይመጣል፤ በግ ይታረዳል፤ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ዕቃ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ያን ጊዜ ደሙ ይደርቃል። ከዚያ በፊት ግን ጠብታ ውሃ መጋራት ነውር ነው፤ ዕርቁ ማለት መጠጣቱ ነውና። አጎቴ የሚመኘው ልጁ እስከ ፋሲካ እጁን እንዲሰበስብ ብቻ ነበር።

በመካከሉ አተት ገባ። የሐይቁን ውሃ ሳያፈላ የጠጣ ሁሉ ወደቀ። አጎቴ ራሱ ደወለልኝ። «አንች ልጅ፣ ሰው እያለቀብን ነው። እነዚያን አዋቂ የምትያቸውን አምጭልን እንጅ» አለኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ያገኘሁት እንግዳ ደግ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። የጤና ባለሙያ ነው፣ ንግግር ያውቃል። መኪና ውስጥ ነገርሁት። «ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። መሃሉን ባዶ ይተዉታል። እርስዎ እንዳይነካኩት። ሰው ማስነሣት ካለብዎ ከአንዱ ወገን ብቻ ያስነሡ።»

«ገባኝ» አለ። ቶሎ ገባኝ የሚል ሰው ያስፈራኛል።

ዋርካው ሥር እንዳልሁት ተቀምጠው ጠበቁን። አጎቴ በግራ ከፊት፣ የገዳዩ አባት ሽማግሌው በቀኝ ከፊት፣ መሃላቸው ባዶ ሣር። የአጎቴ ልጅ ዱላውን ተደግፎ ከኋላ ቆሟል። እንግዳው ጨርቅ ላይ የተሣለ ትልቅ የዝንብ ሥዕል መሬት ላይ ዘረጋና ነፋሱ እንዳይወስድበት ጥግ ጥጉን ድንጋይ ጫነበት። ጥሩ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ባዶውን ሣር አየ።

«ለምን ተራራቃችሁ? ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ።»

ማንም አልተነቃነቀም። እሱ ግን ሞቅ ብሎታል። በጣሳ ውሃ ቀዳ፣ አጎቴን አስነሣና «ይጎንጩለት አባት» አለው። አጎቴ ለእንግዳ ክብር ሲል ተጎነጨ። «እንግዲህ እኒህ አባት አተት ይዟቸዋል እንበል» ሲል ሰው ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። እንግዳው ጣሳውን ተቀብሎ ዞረና ባዶውን ሣር ተሻገረ።

«አይሆንም፣ ይመለሱ» ብዬ ተነሣሁ። ፈገግ ብሎ በእጁ ቆይ አለኝ። ጣሳውን በቀኝ በኩል ከፊት ለተቀመጡት፣ ለገዳዩ አባት፣ ሰጣቸው።

ሽማግሌው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጎቴን አዩት። በኋላ እንደነገሩኝ፣ እንግዳውን ያመጣሁት እኔ የአጎቴ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ አጎቴ ጠጥቷል፤ የማንም ወገን ያልሆነ የከተማ ሰው የተጠጣበትን ጣሳ መሃሉን አሻግሮ አምጥቷል። ዕርቅ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጎቴ ፋሲካን መጠበቅ ከብዶት የከተማ ሽማግሌ ያስመጣ መሰላቸው። ስለ ዝንቡና ስለ በሽታው የተነገረውንም ለነገሩ መግቢያ የተባለ አድርገው ነው የሰሙት። ውሃውን እስከ ጥጉ ጠጡት።

«አያችሁ» አለ እንግዳው፣ «በሽታው አሁን ተላለፈ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከሥዕሉ ጥግ አንዱን ድንጋይ አነሡ። ጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ አጎንብሰው፣ ወደ አጎቴ መሄድ ጀመሩ። ከኋላቸው አንዲት ሴት እልል አለች፤ የተቀበላት ግን የለም። አጎቴ እንደቆመ ቀረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን ሊል እንደነበር ግን አላውቅም።

የአጎቴ ልጅ ሰዉን እየረገጠ መጣ። «የወንድሜ ደም በጣሳ ውሃ?» አለ። አልጮኸም። የመጀመሪያው ዱላ የሽማግሌውን ትከሻ ሰብሮ ድንጋዩን አስጣላቸው። በጉልበታቸው ወደቁ፤ አንገታቸውን ግን አላነሡም፤ እንደ አጎነበሱ ነበሩ። ሁለተኛው ዱላ ሲነሣ አጎቴ ሮጦ ላያቸው ላይ ተደፋ። ዱላው አናቱ ላይ አረፈ። ቅል ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ ዛሬም ቅል ቤቴ አላስገባም።

ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ጠፋ። ማን ማንን እንደሚመታ ሳያውቅ ዱላ ያለው በዱላ፣ የሌለው በድንጋይ ተጨፋጨፈ። አንድ ሰው ጆሮው ተንጠልጥሎ ሲሮጥ አይቻለሁ። እኔ አጎቴን ከሥር ልጎትት ስል የማን እንደሆነ ያላወቅሁት ክርን ጥርሴን አወለቀው። እንግዳው ከዋርካው ግንድ ጀርባ ተለጥፎ «ኧረ ተዉ፣ ውሃ ነው እኮ» ይል ነበር። ካህናቱ መስቀል ዘርግተው መሃል እስኪገቡ ድረስ ደም ፈሰሰ። የአጎቴ ልጅ ብቻ ዱላውን ጥሎ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ማንንም አልመታም፣ ማንም አልመታውም።

አጎቴን በሥዕሉ ጨርቅ ተሸክመን በመኪናው የኋላ ወንበር አስተኝተን፣ እንግዳውን ለካህናቱ ትተን ወደ ባሕር ዳር በረርን። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ቀሚሴ በደሙ ርሶ ሰውነቴ ላይ ተጣበቀ። ግማሽ መንገድ ላይ ዐይኑን ገለጠ።

«ጠጡ?» አለኝ።

«ጠጥተዋል።»

«እኔም ጠጥቻለሁ። በቃ። ልጄን እንዳይነኩብኝ» አለ። የአባይ ድልድይ ሳይታየን ሞተ። በመኪናው ውስጥ የነበረው ጨርቅ የዝንቡ ሥዕል ብቻ ስለነበረ ፊቱን በዚያ ሸፈንሁት።

አስታራቂ ሽማግሌዎቹ የአጎቴን ቃል ተቀበሉ። ደሙ ደርቋል ተባለ። የአጎቴ ልጅ ግን የወንድሙን ደም ሳይበቀል፣ አባቱን ገድሎ ወህኒ ወረደ። እንግዳው ሰንብቶ ደወለልኝና አዘንሁ አለ፤ ቀጥሎ ሥዕሉ የት እንዳለ ጠየቀኝ፣ ለሌላ መንደር ይፈልገዋል። «ሬሳ ሸፍነንበታል» አልሁና ዘጋሁበት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በየእሑዱ ወደ ወህኒው ስንቅ አመላልሳለሁ። ከበሩ ውጭ፣ አንድ ትከሻቸው ወደ ታች የተሰበረ ሽማግሌ ሁልጊዜ ቀድመውኝ ይገኛሉ። የሚያመጡትን የአጎቴ ልጅ አልቀበልም እያለ ይመልስባቸዋል፤ እሳቸውም ይመለሳሉ። አንድ እሑድ የምግብ ዕቃቸውንና አንድ ጠርሙስ ውሃ እጄ ላይ አስቀመጡ። «አንች ስጭው ልጄ፤ ከኔ አይቀበልም» አሉኝ። የበሩ ፖሊስ እንደ ደንቡ ቅመሽ አለኝ። ቀመስሁና ገባሁ።

የማን እንደሆነ አልደበቅሁትም። የአጎቴ ልጅ ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው።

«ማን ቀመሰው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አንች አይደለሽም የሚቀምሰው» ብሎ ጠርሙሱን መለሰልኝ። «ውሰጅላቸው። እሳቸው ይጠጡለትና አምጭልኝ።»

እየሮጥሁ ወጣሁ። ፖሊሱ ምን ሆንሽ እያለ ተከተለኝ። ያለኝን ለሽማግሌው ነገርኋቸው። በደህናው እጃቸው ጠርሙሱን አነሡ፤ ጥቂቱ ጺማቸው ላይ ፈሰሰ፣ ጥቂቱን ጠጡ። የቀረውን ይዤ ተመልሼ ገባሁ።